ፋርፖይንት 40 ለብርድ አገር የቡድን ጉብኝት፦ ምን ይችላል፣ የት ያስቸግራል

ኦስፕሬይ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው፣ 40 ሊትር የሚይዘው ፋርፖይንት 40 የጀርባ ቦርሳ ብዙ ጊዜ የሚወደሰው ብቻቸውን ከከተማ ከተማ በሚዞሩ መንገደኞች ነው። እዚህ የተመዘነው ግን በሌላ ሚዛን ነው፦ በአስጎብኚ እየተመሩ፣ በአውቶቡስ እየተጓዙ፣ ከዜሮ በታች በሚወርድ ብርድ ውስጥ 10 ቀን ለሚቆይ የቡድን ጉብኝት ይበቃል ወይ? ይበቃል። የሚበቃው ግን ውስጡ የሚገባው ልብስ በደንብ ከተመረጠ ብቻ ነው። ወፍራም ካፖርት፣ ሁለት ሹራብና ጂንስ ሱሪ ልጫንበት ያለ ሰው ባይገዛው ይሻለዋል።

ባዶውን 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ቁመቱ 55 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ጀርባው ላይ ቀጭን የሽቦ ክፈፍ፣ ወገብ ላይ ደግሞ ደህና ቀበቶ ስላለው ሸክሙ ትከሻ ላይ ብቻ አይንጠለጠልም። ለሴቶች አካል የተስተካከለው ወንድሙ ፌርቪው 40 ይባላል፤ ልዩነቱ በዋናነት ማሰሪያዎቹ ላይ ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእሱም ይሠራል።

ትልቁ ጥቅሙ አከፋፈቱ ነው። ከአናቱ ብቻ እንደሚከፈቱት የተራራ ቦርሳዎች አይደለም፤ እንደ ሻንጣ ዙሪያውን በዚፕ ተከፍቶ ይዘረጋል። በቡድን ጉብኝት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክፍል ለሁለት ሰው ነው የሚሰጠው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጠዋት ሁለቱም እኩል ነው ዕቃ የሚሰበስቡት። ከሥር ያለች አንዲት ካልሲ ለማውጣት ዕቃውን ሁሉ አልጋ ላይ መዘርገፍ ሳያስፈልግ መቅረቱ በእንዲህ ያለ ጠዋት ትልቅ ነገር ነው።

የትከሻውና የወገቡ ማሰሪያዎች ታጥፈው ከጀርባ ባለው ክዳን ውስጥ በዚፕ ይዘጋሉ። ሹፌሩ ሻንጣዎችን ከአውቶቡሱ ሆድ ሲጎትት የሚበጠሰው፣ በአውሮፕላን ማረፊያ የሻንጣ ማመላለሻ ላይ የሚጠለፈውም ይኸው የተንጠለጠለ ማሰሪያ ስለሆነ፣ ቦርሳውን ለሌላ ሰው ባስረከባችሁ ቁጥር ክዳኑን ዝጉት። ከተዘጋ በኋላ ከላይና ከጎን ባሉት እጀታዎች ይያዛል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። የመጀመሪያው ክብደቱ ነው። አንዳንድ አየር መንገዶች ተሳፋሪው ይዞት ለሚገባው ሻንጣ 10 ኪሎ፣ ሌሎች 8፣ ብዙዎቹ ደግሞ 7 ኪሎ ብቻ ይፈቅዳሉ። በ7 ኪሎ ሕግ ከአምስት አንዱን እጅ ባዶው ቦርሳ ይወስደዋል፤ የሚቀረው 5.5 ኪሎ ነው። ሁለተኛው ውፍረቱ ነው። የብርድ ጊዜ ልብስ አየር ስለሚይዝ ቦርሳው በሆዱ በኩል ይነፋል፤ ከመነፋቱ የተነሳም የአየር መንገዱን መለኪያ ሳጥን ሊያልፍ ይችላል። ውስጥ ያሉትን ሁለት ማሰሪያዎች ጥብቅ አድርጎ መሳብ ግዴታ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሳያስራቸው ዚፑን ይዘጋል።

ሦስተኛው፣ የዝናብ ሽፋን አብሮት አይመጣም። ሽፋን ከመግዛት ይልቅ ወፍራምና ሰፊ የቆሻሻ ላስቲክ ውስጡ አንጥፉና ልብሱን በላስቲኩ ውስጥ አድርጉ። ምክንያቱም በብርድ አገር ውሃው የሚመጣው ከላይ ብቻ አይደለም። ቦርሳው ግማሹ በቀለጠ በረዶ ላይ ይቀመጣል፤ በአውቶቡሱ ሆድ ውስጥም ከሌሎች ሻንጣዎች የተራገፈ በረዶ ይቀልጥበታል። ሽፋን ፊቱን እንጂ መሬት የሚነካውን ጎን አይሸፍንም፤ የውስጥ ላስቲክ ግን ከየትም ቢመጣ ያግዳል።

ጎማ የሌለው መሆኑን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት አሉ። በበረዶ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ትናንሽ የሻንጣ ጎማዎች ድንጋይ በተነጠፈበት ጎዳና ይንገጫገጫሉ፤ በረዶ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይዞሩም፤ ተሽከርካሪው ሻንጣ እንደ ማረሻ በረዶውን እየገፋ ይጎተታል። ወገቡን ወይም ትከሻውን የሚያመው ሰው ግን ይህን ሁሉ ትቶ ጎማ ያለውን ይያዝ፤ ለእሱ ፋርፖይንት ትክክለኛ ምርጫ አይደለም።

ቦርሳው በቂ የሚሆነው የጉብኝቱ ብርድ ምን ዓይነት እንደሆነ ሲገባን ነው። ተራራ የሚወጣ ሰው ስለሚንቀሳቀስ ሰውነቱ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ጎብኚው ግን አስጎብኚው ስለ አንድ አደባባይ ሲያስረዳ 20 ደቂቃ በረዶ ላይ ይቆማል። ከዚያ በደንብ ወደሞቀ አውቶቡስ ይገባል፤ ከአውቶቡስ ወደ ሙዚየም፣ ከሙዚየም እንደገና ወደ ብርዱ። ይህ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይደጋገማል። በጣም የሚያሞቅ አንድ ካፖርት እዚህ ላይ ነው የሚከዳው። አውቶቡስ ውስጥ ካላወለቁት ላብ ያመጣል፤ ላቡ ገላ ላይ ያለውን ልብስ ያርሰዋል፤ ቀጥሎ ሲወርዱ እርጥበቱ ሙቀቱን ይመጠዋል። ውሃ ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከረጋ አየር 25 እጥፍ ገደማ በሚበልጥ ፍጥነት ስለሆነ፣ ያላበው ሰው ከሁሉ ቀድሞ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው በሰከንዶች ውስጥ የሚወልቅ፣ ጉልበት ላይ የሚያዝ፣ ቀጫጭን ሆኖ የሚደራረብ ልብስ ነው። ቀጫጭኑ ልብስ ነው 40 ሊትር ውስጥ የሚገባውም።

ገላ ላይ የሚውለው የሜሪኖ ሱፍ፣ ማለትም ሜሪኖ ከሚባለው በግ የሚገኘው ለስላሳ ሱፍ ይሁን። መለያው ላይ የሚጻፈው ቁጥር የአንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ክብደት በግራም ነው፦ 150 ስስ፣ 200 መካከለኛ፣ 250 ወፍራም። ለቡድን ጉብኝት ከ150 እስከ 200 ያለው ይመረጣል፤ 250 ግራሙ አውቶቡስ ውስጥ ያስጨንቃል፣ ከታጠበም በኋላ በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ የሚያህል እርጥበት በእንፋሎት መልክ ይዞ ገላ ላይ የእርጥበት ስሜት አይሰጥም፤ ጠረንም ቶሎ አይይዝም። አንዱን ሦስት ቀን መልበስ ይቻላል፤ ማታ ማታ መስቀያ ላይ ዘርግቶ ማናፈስ ብቻ ነው የሚፈልገው። ዩኒክሎ የተባለው የልብስ ኩባንያ የሚሸጠው ሂትቴክ የተባለ የሚያሞቅ የውስጥ ልብስ ከሱፍ ይሳሳል፤ አክሪሊክ፣ ፖሊስተር፣ ሬዮንና የሚለጠጥ ክር የተቀላቀለበት ነው። ለቆመ ሰው ደህና ነው። በደንብ ካላበው ግን ሬዮኑ እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ ቶሎ አይደርቅም፤ በጠረንም በኩል ሱፍን አይስተካከልም። ጎን ለጎን ተቀምጦ 10 ቀን በሚጓዝ ቡድን ውስጥ ደግሞ ጠረን የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጥጥ ግን በጭራሽ አይሁን፤ ያቆረውን ውሃ ቀኑን ሙሉ ይዞ ይውላል።

ከዚያ በላይ ስስ ፍሊስ (ለስላሳ ሰው ሠራሽ የሚያሞቅ ልብስ) ወይም ስስ የሱፍ ሹራብ፣ 250 ግራም ገደማ የሚመዝን። ከሱ በላይ የዝይ ወይም የዳክዬ ለስላሳ ላባ የተሞላ ጃኬት፤ 300 ግራም አካባቢ ሆኖ ሲጨመቅ የአንድ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ያህል የሚሆን። እዚህ ላይ ገዢ በቁጥር ይሳሳታል። 700፣ 800 እየተባለ የሚጻፈው የላባው የመንፋት አቅም ነው፤ አንድ አውንስ ላባ ስንት ኪዩቢክ ኢንች ቦታ እንደሚሞላ ያሳያል። ጃኬቱ ውስጥ ስንት ግራም ላባ እንዳለ ግን አይናገርም። ባለ 800ው ላባ 60 ግራም ብቻ ከሆነ፣ 120 ግራም ባለ 650 ላባ ያለው ጃኬት በደንብ ይበልጠዋል። ሁለቱንም ቁጥር ሳታገኙ አትወስኑ። ላባ ከራሰ እየተጣበቀ መንፋቱን፣ ሙቀቱንም ያጣል፤ ጉብኝቱ ዝናብና በረዶ በሚፈራረቅበት፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ በሚዋልል አገር ከሆነ ሰው ሠራሽ ሙሌት ያለው ጃኬት ይሻላል። ትንሽ ይከብዳል፣ ብዙም አይጨመቅም፤ ግን ርሶም ቢሆን ያሞቃል።

ከሁሉ በላይ የሚደረበው ውሃና ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት ነው። ስትለኩት የላባውን ጃኬት ከሥር ለብሳችሁ ለኩት። በልክ የተገዛ ስስ ጃኬት ላባውን ጨፍልቆ አየሩን ያስወጣዋል፤ የሚያሞቀው ደግሞ አየሩ ነው። ይህን ሰው ሁሉ ይረሳዋል፤ ከዚያ ጥሩ ላባ ለብሶ ለምን እንደሚበርደው አይገባውም።

እግር ላይ ጉዳዩ ይለያል፤ ረጅሙን የሱፍ የውስጥ ሱሪ አውቶቡስ ውስጥ ማውለቅ አይቻልም። ስለዚህ ከላይ 200 ብትለብሱ እንኳ ከታች 150 ይሁን፤ ቀኑ ቀለል ካለ ጭራሽ ተዉት። ሱሪው ሰፋ ያለ፣ ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሁን። ጂንስ ከእንዲህ ያለው ሱሪ እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ከራሰ ሁለት ቀን ላይደርቅ ይችላል።

ለጥቂት ግራም ብዙ ሙቀት የሚሰጠው ትንሹ ዕቃ አንገት ላይ የሚጠለቀው የሱፍ ቱቦ ነው፤ 50 ግራም ያህላል፤ አንገት፣ አፍንጫና ጆሮ ይሸፍናል፤ እንደ ሻርፕ ወንበር ላይ ተረስቶ አይቀርም። ለእጅ ስስ ጓንት ከውስጥ፣ ጣት የማይለይ ወፍራም ጓንት ከላይ። ስልክ ለመንካት ወፍራሙ ይወልቃል፣ ስሱ ይቀራል። ሁለቱን ወፍራም ጓንቶች በገመድ አያይዟቸው፤ ከአውቶቡስ በወረዱ ቁጥር የሚጠፋው ጓንት ነው።

ሒሳቡን እንሥራ። በጉዞው ዕለት ቦት ጫማው፣ አንድ ሱሪ፣ አንድ ሙሉ የሱፍ የውስጥ ልብስ፣ ፍሊሱና የላይኛው ጃኬት ይለበሳሉ፤ ኮፍያና ጓንት ኪስ ውስጥ ይገባሉ። ቦርሳ ውስጥ ሁለት የሱፍ የላይ ልብስ 400 ግራም፣ አንድ የውስጥ ሱሪ 200፣ አንድ ሱሪ 400፣ ለእራት የሚሆን ሸሚዝ ወይም ቀሚስ 250፣ አራት ሙታንታ 280፣ ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ 270፣ የላባው ጃኬት 300፣ ቀላል የማታ ጫማ 500፣ የንጽሕና ዕቃና መድኃኒት 600፣ ቻርጀር፣ ገመድ፣ ፓወር ባንክና የሶኬት ማስማሚያ 450፣ ሁለት የልብስ ማመቂያ ከረጢት 200፣ መነጽርና ጥቃቅን ነገር 300፣ የሚታጠፍ ትንሽ የቀን ቦርሳ 150። ድምሩ 4.3 ኪሎ ነው። ከቦርሳው ጋር 5.8 ኪሎ ይሆናል፤ ከተፈቀደው 7 ኪሎ 1.2 ኪሎ ይተርፋል ማለት ነው። የሌሊት ልብስ የለም፤ ንጹሑ የሱፍ ልብስ ይተካዋል። ፎጣም የለም፤ ሆቴሉ አለው።

በበረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጫማ ላይ የሚታሰረው የበረዶ ጥርስ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም። ሹል ብረት ስላለው በፍተሻ ሊወሰድ ይችላል፤ ቦርሳውን ይዛችሁ የምትሳፈሩ ከሆነ አስጎብኚ ድርጅቱ እዚያው ያቀርብ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፓወር ባንክ በተቃራኒው ወደ ጭነት ክፍል መግባት የለበትም፤ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው አብሮ ይሳፈራል። 10,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት 37 ዋት-ሰዓት፣ 20,000ው ደግሞ 74 ስለሆነ ሁለቱም ከልኩ በታች ናቸው፤ ለቀን ጉብኝት ትንሹ ይበቃል።

አስተሻሸጉ እንዲህ ይሁን። የማታ ጫማው በከረጢት ሆኖ ቦርሳው ሲቆም ከሥር በሚሆነው ጫፍ ይግባ፤ ውስጡን ካልሲ ይሙላው። ከባዱ ነገር፣ ማለትም ቻርጀሩና የንጽሕና ዕቃው፣ በጀርባ በኩል ይጠጋ፤ ወደ ውጭ ከራቀ ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትታል። የላይ ልብሶች ተጠቅልለው በአንዱ ማመቂያ ከረጢት፣ የውስጡና ሱሪው በሌላው። የላባው ጃኬት ግን ከእነሱ ጋር አይታመቅ፤ በመጨረሻ በየማዕዘኑ ክፍተት ይጠቅጠቅ። ሆቴል እንደደረሳችሁ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው፤ አራግፋችሁ ስቀሉት፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልሶ ይነፋል።

ማመቂያ ከረጢት ራሱን የቻለ ወጥመድ አለው። የሚቀንሰው አየር ነው፤ ክብደት አይቀንስም። ባዶ ቦታ ሲታይ ሰው ይጨምራል፤ ከዚያ 40 ሊትሩ ውስጥ 11 ኪሎ ይገኛል። አየር በፓምፕ የሚመጠጥበት ላስቲክ ደግሞ ለዚህ ዓይነት ጉዞ አይሆንም፤ በየጠዋቱ እንደገና መምጠጥ አለበት፣ አንድ ቀን ከተበሳም ልብሱ ሁሉ ተነፍቶ ቦርሳው አይዘጋም። በዚፕ የሚታመቀው የጨርቅ ከረጢት ይበቃል። ከቤት ስትወጡም ቦርሳው አምስት እጅ ቢሆን አራቱ ብቻ ይሙላ። በረጋ መንፈስ የታሸገው ልብስ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ አውቶቡሱ ሞተር አስነስቶ ሲጠብቅ፣ በዚያው ልክ አይታጠፍም።

በአብዛኛው የቡድን ጉብኝት ሻንጣ ገና ሳይነጋ ከክፍሉ በር ውጭ እንዲቀመጥ ይጠየቃል፤ ሰብሳቢዎቹ ይወስዱታል። ይህ የሚያስከትለው ጣጣ የታወቀ ነው፦ ሰው የሚለብሰውን ጃኬት፣ ካልሲውን ወይም መድኃኒቱን አብሮ ያስረክባል። ማታውኑ የነገ ልብስ ወንበር ላይ ይውጣ፤ ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ የላባው ጃኬትና ወፍራሙ ጓንት በቀን ቦርሳው ውስጥ ይደሩ። ፋርፖይንት ተሸክመው የሚወርዱበት ቦርሳ ስለሆነ ደግሞ ጨርሶ አለማስረከብም ይቻላል፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ከትልቅ ሻንጣ ይመረጣል።

አራት ሙታንታና ሦስት ካልሲ የሚበቁት መታጠብ ስላለባቸው ነው፤ ማጠብ ደግሞ በፕሮግራሙ ይወሰናል። የጉዞ መርሐ ግብሩን ስትቀበሉ ሁለት ሌሊት የሚታደርባቸውን ሆቴሎች ምልክት አድርጉ፤ የሱፍ ልብስ የሚታጠበው በእነዚያ የመጀመሪያ ሌሊት ነው። ለብ ባለ ውሃ፣ በጥቂት ለስላሳ ሳሙና፣ ሳይታሽ ተጨምቆ ይታጠባል፤ ሙቅ ውሃና መታሸት ሲገናኙ ሱፍን ያኮማትሩታል። ቀጥሎ ልብሱን በደረቅ የሆቴል ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ጠቅልሉት፣ በጉልበት ተጫኑት፤ ከውሃው ብዙውን ፎጣው ይወስደዋል። በማሞቂያ የሞቀ የሆቴል ክፍል አየር በጣም ደረቅ ስለሆነ ስስ ሱፍ አድሮ ይደርቃል። የማሞቂያው ብረት ላይ አታስጡት፤ አጠገቡ ይበቃል። ሙታንታና ስስ ካልሲ አንድ ሌሊት በሚታደርበትም ይደርሳል። ወፍራም ካልሲ አይደርስም፤ አትሞክሩት።

ጫማ ቦርሳ ውስጥ ባይገባም የቦርሳውን ሒሳብ የሚወስነው እሱ ነው፤ ቦት ጫማ ጥንዱ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ መለበስ እንጂ መጫን የለበትም። የቆመ ሰው የሚበርደው ከሥር ስለሆነ ወፍራም ሶል ያለውን ምረጡ፤ ውስጡ የሱፍ ወይም የፌልት (ተጠቅጥቆ የተሠራ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ) ንጣፍ ጨምሩ። ወፍራሙን ካልሲ አድርጋችሁ ጣቶች በነጻነት ካልተንቀሳቀሱ ቁጥሩ ይጨመር። ብርድ ሲብስ ሁለት ካልሲ መደረብ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጠቦ የያዘ ጫማ የደም ዝውውርን ይቀንሳል፣ አየሩንም ያስወጣል፣ እግሩ ከበፊቱ ይብስ ይቀዘቅዛል። ጫማው ከራሰ ንጣፉን አውጡ፣ ወረቀት ጠቅጥቁበት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረቀቱን ቀይሩ።

ስልክ በብርድ ድንገት የሚጠፋው የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ኃይል መስጠት ስለሚያቅተው ነው፤ አልተበላሸም። በውስጥ ኪስ፣ ገላ አጠገብ ይያዝ፤ እስኪሞቅ ድረስ ቻርጅ አይደረግ። ካሜራ ከብርዱ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ በላዩ ጤዛ ይይዛል፤ ደጅ ሳላችሁ በላስቲክ ከረጢት ዝጉትና ከገባችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ክፈቱት።

ከጉዞ ስትመለሱ ቦርሳውን ዝም ብላችሁ አትስቀሉት። መንገድ ላይ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው በዚፑ ጥርሶችና በመጎተቻው ላይ ደርቆ ይቀራል፤ በጊዜ ብዛት ያዝገዋል፣ ያጣብቀዋል። ዚፑን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና ለብ ባለ ውሃ አሹት፣ ጀርባና ማሰሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። የላባው ጃኬትም ተጨምቆ አይቀመጥ፤ በሰፊ ከረጢት ወይም መስቀያ ላይ ይዋል።